የሾርት ማት ቦውልስ ስኪፕ ለመሆን፦ ከሙከራ ዙር እስከ መጨረሻዋ ኳስ

ከሥራ በኋላ በአራት ኪሎና በፒያሳ መሃል ባለ አንድ አዳራሽ ምንጣፍ ዘርግተን ቦውልስ እንጫወታለን፤ ኳስ አንከባሎ ወደ አንዲት ትንሽ ነጭ ኳስ የማስጠጋት ጨዋታ ነው። ቡድን ስንከፍል በተራ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ወርዋሪ ለመሆን ችግር የለም። "ስኪፕስ ማን ይሁን?" ሲባል ግን አንዱ ስልኩን ያያል፣ አንዱ የጫማውን ክር ያስራል። ይህ መመሪያ ለእነዚያ ሰዎች ነው። ቦታውን ፈርተው ሳይሆን ምን እንደሚሠራበት በደንብ የነገራቸው ስለሌለ ነው የሚሸሹት።

ስኪፕ ማለት የቡድኑ አምበል ነው። ከአራቱ መጨረሻ ላይ ይወረውራል። ከዚያ በፊት ግን ምንጣፉ ወዲያኛው ጫፍ፣ ከነጯ ኳስ አጠገብ ቆሞ ሦስቱ ምን እንደሚወረውሩ ይወስናል። የእግር ኳስ አምበል ውሳኔ ሲጠፋው ዞሮ አሰልጣኙን ያያል። ስኪፕ ዞሮ የሚያየው ሰው የለውም።

ብዙ ሰው ስኪፕ የሚሆነው ከቡድኑ ጎበዙ ወርዋሪ ይመስለዋል። በእኔ እይታ ዋናው ችሎታ እሱ አይደለም። ጥሩ ስኪፕ ጨዋታው የሚፈልገውን ሳይሆን የሚወረውረው ሰው የሚችለውን ይጠይቃል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ለማያውቁት፣ ጨዋታው ባጭሩ

ሾርት ማት ቦውልስ ሣር ላይ ከሚጫወቱት ቦውልስ የወጣ የቤት ውስጥ ጨዋታ ነው። በአየርላንድ፣ በእንግሊዝና በዌልስ በቤተክርስቲያንና በመንደር አዳራሾች ይዘወተራል። ምንጣፉ ከ12.2 እስከ 13.7 ሜትር ይረዝማል፤ ስፋቱ 1.83 ሜትር ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ተጠቅልሎ ጥግ ይይዛል። ጠዋት ስብሰባ፣ ቅዳሜ ሰርግ ለሚያስተናግድ አዳራሽ የሚመቸውም ለዚህ ነው።

ጃክ የምትባል ትንሽ ነጭ ኳስ በሩቁ ጫፍ፣ መሃል መስመር ላይ ትቀመጣለች። ሥራው ኳሳችሁን ወደ ጃኳ ማስጠጋት ነው። ምንጣፉ መሃል ላይ ግን ወደ 38 ሴንቲሜትር የሚረዝም እንጨት ተጋድሟል። እሱን የመታች ኳስ ከጨዋታ ትወጣለች። ስለዚህ በመሃል ቀጥታ መሄድ የለም፤ በቀኝ ወይም በግራ ዞሮ መምጣት ነው። ደግነቱ ኳሶቹ ሲሠሩ ወደ አንድ ጎን እንዲያጋድሉ ተደርገው ነው። ትንሿ ክብ ምልክት ወዳለችበት ጎን ይታጠፋሉ፤ ፍጥነታቸው ሲቀንስ ደግሞ መታጠፉ ይብሳል። ወደ ቀኝ ወጥታ ወደ መሃል የምትመለሰውን "በቀኝ"፣ ወደ ግራ ወጥታ የምትመለሰውን "በግራ" እያልኩ እቀጥላለሁ።

በአራት ሰው ቡድን እያንዳንዱ ሁለት ኳስ አለው። ሁለቱ አንደኞች እየተፈራረቁ ይወረውራሉ፣ ከዚያ ሁለተኞቹ፣ ከዚያ ሦስተኞቹ፣ መጨረሻ ስኪፖቹ። 16 ኳስ ሲያልቅ አንድ ዙር ተጫወታችሁ ማለት ነው። ከተቃራኒ ቡድን ምርጥ ኳስ ይልቅ ለጃኳ የቀረቡት የእናንተ ኳሶች እያንዳንዳቸው አንድ ነጥብ ናቸው። በአንድ ዙር ከፍተኛው 8 ነው። ስምንት ሲቆጠርባችሁ ካያችሁ አዳራሹን ለቃችሁ መውጣት ያምራችኋል፤ ግን ያጋጥማል።

1. መጀመሪያ ወለሉን እወቁ

ከጨዋታው በፊት የሙከራ ዙር ይሰጣችኋል። አብዛኛው ተጫዋች ክንዱን ያፍታታበታል። ስኪፕ ግን ዓይኑን ነው የሚያፍታታው።

የኛ አዳራሾች ወለል ለዚህ ጨዋታ ተብሎ አልተሠራም። ቴራዞው አንድ ጥግ ላይ ዝቅ ይላል፣ ጣውላው መሃል ላይ ይሰረጉዳል። ምንጣፉም ተጠቅልሎ ከከረመ ጫፉ ላይ እጥፋት ይቀርበታል። እነዚህን ሁሉ ኳሷ ትነግራችኋለች። በሙከራው ጊዜ ምንጣፉ ራስጌ ቁሙና ሁለት ጥያቄ ብቻ ይዛችሁ እዩ። በቀኝ የምትመጣው ኳስ ከግራዋ ይልቅ ትታጠፋለች ወይ? ከወዲህ ወደዚያና ከወዲያ ወደዚህ ሲወረወር ጉልበቱ እኩል ነው ወይ? ዙሩ በየተራ ከሁለቱም ጫፍ ስለሚጀመር ሁለተኛው ጥያቄ እንዳይረሳ። አንድ ጫፍ ላይ ስትጠጋ የነበረች ኳስ በቀጣዩ ዙር ምንጣፉን አልፋ የምትወድቀው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ተቃራኒ ቡድን ሲሞክርም ፊታችሁን አታዙሩ። የነሱ አንደኛ በግራ ብቻ የሚወረውር ከሆነ ገና ጨዋታው ሳይጀመር ትልቅ ወሬ ሰማችሁ ማለት ነው።

2. ማን የት ይሰለፍ

አንደኛ ማስጠጋት የሚችል፣ የማይደነግጥ ሰው ነው። ሌላ ችሎታ ባይኖረው ግድ የለም። ሁለት ኳሶቹን በየዙሩ ጃኳ አካባቢ የሚያሳርፍ አንደኛ ካላችሁ ግማሽ ሥራችሁ አልቋል። ሁለተኛ የአንደኛውን ጉድለት የሚሞላ ነው፤ አንዴ ያስጠጋል፣ አንዴ ያጥራል፣ አንዴ ከጃኳ ኋላ ያስቀምጣል። ሦስተኛው ምክትላችሁ ነው። እናንተ ለመወርወር ስትሄዱ ቦታችሁን ይዞ የሚያነበው እሱ ስለሆነ ዓይኑና አንደበቱ ከክንዱ ይበልጥብኛል።

እዚህ ላይ አንድ የኛ አገር ነገር አለ። በእድሜ ትልቁ ሰው ስኪፕ ይሁን ይባላል። ክብሩ ይገባኛል፣ ግን ስኪፕነት የክብር ወንበር አይደለም፤ ሁልጊዜ የሚያስቆም፣ የሚያስጎነብስ፣ የሚያስጠይቅ ሥራ ነው። ብዙ ጊዜ ትልቅ ሰው ሦስተኛ ሆኖ ነው የሚያበራው። ረጋ ብሎ ያያል፣ ሲናገርም ይሰማል። ይሉኝታ ይዟችሁ ሰው ያለቦታው ካሰለፋችሁ የሚጎዳው ራሱ ሰውየው ነው። በየዙሩ የማይችለው ነገር ይጠየቃል። ለውጡን ጨዋታው መሃል ላይ ሳይሆን ከመጀመሩ በፊት፣ ለብቻ ነግራችሁ አድርጉት።

3. ምልክት ተስማሙ

አሥራ ሁለት ሜትር ብዙ አይመስልም። አዳራሹ ግን ያስተጋባል፣ ጎረቤት ክፍል ስብሰባ አለ፣ ውጭ ጡሩንባ አለ። በድምፅ ብቻ መተማመን አይቻልም።

ኳስ የት እንዲያርፍ እንደምትፈልጉ ከቦታው ላይ በመዳፋችሁ አሳዩ። በየትኛው በኩል እንደሚመጣ በዚያው ጎን ክንዳችሁን ዘርጉ። የመጣችው ኳስ ካጠረች ሁለት መዳፍ ፊት ለፊት አድርጋችሁ ስንት እንደጎደላት አሳዩ። "ትንሽ አጠረች" ማለት ለወርዋሪው ምንም አይነግረውም። አንድ ክንድ ነው? አንድ ስንዝር ነው? እኛ ዘንድ ደግሞ ትከሻ መንካት "ነጥቡ የኛ ነው"፣ ጉልበት መንካት "የነሱ ነው" ማለት ነው፤ ስንት እንደሆነ በጣት ይከተላል። እናንተ ሌላ ብትመርጡ ችግር የለውም። አራታችሁም አንድ ዓይነት መረዳታችሁ ነው ቁም ነገሩ።

ትልቅ ሰው ስታዙ ምልክቱ ይብስ ይጠቅማል፤ ግን በአመልካች ጣት ና እያሉ ጋሼን መጥራት አይሆንም። መዳፍ ከፈት አድርጉ። አፍም ቢሆን እንደሰው ነው። "ጋሼ፣ በግራ ይምጡልኝ፣ ከቅድሟ አንድ ክንድ ይቀንሱልኝ።" ለታናሽ እህት "በግራ ነይልኝ፣ ቀንሺ"፤ ለእኩያ "በግራ፣ ቀንስ"። ጨዋታ ሲሞቅ አንቱታው አፍ ላይ ተንሸራቶ "አንተ፣ አጠረች እኮ!" ይወጣል። ጋሼ ምንም አይሉም። ቀጣይዋን ኳስ ግን ሲወረውሩ ክንዳቸው ታስሮ ታዩታላችሁ።

4. ለአንድ ኳስ አንድ ሥራ

ፒያሳ ጠባብ ቦታ ላይ መኪና ወደኋላ የሚያስገቡ ልጆችን አይታችሁ ታውቃላችሁ። "ና፣ ና፣ ና፣ ቁረጥ፣ ና፣ በቃ!" ይላሉ። "በስተግራ ያለችው ቪትዝ ብዙ ቦታ ስለያዘች፣ በቀኝ ግን ቦይ ስላለ…" አይሉም። ሾፌሩ ያንን ሁሉ እያሰበ መሪ አያዞርም። የስኪፕ ትእዛዝም እንደዚያ ነው። በየት በኩል፣ የት ትቁም፤ በቃ። ለምን እንደሆነ ቡና ላይ ታወሩታላችሁ።

ሁለት ምርጫ ሰጥቶ መጠየቅም አይረዳም። "ወይ አስጠጋ፣ ካልሆነ ያቺን ምታት" የተባለ ሰው መሃል ላይ ይወረውራል፤ አታስጠጋም አትመታም።

ጥያቄው የሚችለው መሆን አለበት። ሁለተኛችሁ ዛሬ በቀኝ አንዲትም ኳስ አላሳካም እንበል። ጃኳ አጠገብ ያለው ክፍተት ደግሞ በቀኝ በኩል ነው። ብዙ ስኪፕ "ቦታው ያ ነው" ብሎ በቀኝ ያዛል። እኔ በግራ አዛለሁ። በግራ መጥታ አርባ ሳንቲ ርቃ የምትቆም ኳስ በቀኝ ወጥታ ከምንጣፉ ከምትወድቅ ኳስ ትሻላለች። ክፍተቱን ለሦስተኛው አቆየዋለሁ።

ፊታችሁም ይናገራል። ኳሷ ስትበላሽ እጅ ጭንቅላት ላይ መጫን፣ ጣሪያ ማየት፣ ለተቃራኒው ስኪፕ ፈገግ ማለት፣ እነዚህ ሁሉ ፊት መንሳት ናቸው። ወርዋሪው ኳሷን ሳይሆን እናንተን ነው የሚያየው። ከተበላሸች ኳስ ውስጥ ጥቅም ካለ ንገሩት፤ ከሌለ "ቀጣይዋ" በሉና እለፉ። የሌለ ጥቅም መፍጠርም አያስፈልግም፤ ሰው ሲሸነገል ያውቃል።

ሌላው የድምፅ ነገር ነው። ከረንቡላና ጆተኒ ዙሪያ ያደገ ሰው ዝም ብሎ ማየት አይችልበትም። ቁጭ ያሉትም፣ የወረወሩትም፣ አዳራሹን ሊዘጋ የመጣው ዘበኛም ይመክራል። "ኧረ በግራ!" "ምታው እንጂ!" ይህን ማስቆም የስኪፑ ሥራ ነው። ከጨዋታው በፊት፣ ሳትቆጡ ተናገሩት። ወርዋሪው ምንጣፉ ላይ ከቆመ በኋላ ከቡድናችን የሚሰማው ድምፅ አንድ ብቻ ነው። ሐሳብ ያለው ለስኪፑ ቀርቦ ይንገር።

5. ጃኳ ዙሪያ ምን ታያላችሁ?

ጀማሪ ስኪፕ "ነጥቡ የማን ነው?" ብሎ ይቆጥርና ይጨርሳል። መቁጠሩ መነሻ ነው። ቀጥሎ የሚያዩት ሦስት ነገር ነው።

የመጀመሪያው መንገዱ ነው። በቀኝና በግራ የትኛው ክፍት ነው፣ የትኛውን አጭር ኳስ ዘግቶታል? የዘጋችው የእናንተም ብትሆን መዝጋቷ መዝጋት ነው።

ሁለተኛው ጃኳ ብትነካ ወዴት ትሄዳለች የሚለው ነው። ጃኳ የተተከለች አይደለችም። ኳስ ሲገፋት ትሄዳለች፣ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ። ስለዚህ ከጃኳ ኋላ የቆመች ኳስ ዛሬ ባትቆጠርም ነገ ትቆጠር ይሆናል። ተቃራኒ ቡድን ከኋላ ሦስት ኳስ አስቀምጦ እናንተ አንድም ከሌላችሁ፣ ነጥቡን ይዛችሁም ቢሆን አደጋ ላይ ናችሁ። ሁለተኛችሁ ወደኋላ እንዲልክ እዘዙ፤ ሰውየው "አለፈች" ብሎ እንዳያዝን አስቀድማችሁ ንገሩት።

ሦስተኛው የነካች ኳስ ነች። መጀመሪያ በመጣችበት ጉዞ ጃኳን የነካች ኳስ በጠመኔ ምልክት ይደረግባታል። ምልክት ያላት ምንጣፉ ጫፍ ላይ በመስመር ከተከለለው ቦይ ብትገባም ከጨዋታ አትወጣም። ምልክት የሌላት ግን ገባች ማለት አበቃላት። ጃኳ ራሷ ቦይ ብትገባ እዚያው ሆና ትቀጥላለች። ጠመኔውን ኪስ ውስጥ ያዙ፤ ቀጣይዋ ኳስ ሳትመጣ ምልክት አድርጉ። "ነክታ ነበር" "አልነካችም" የሚለው ክርክር ከሁሉ ይከፋል፤ ማንም አያሸንፍበትም።

6. አንድ ዙር በቅርበት

አሁን አንድ ዙር አብረን እንጫወት። በአንድ ነጥብ እየመራን ነው። ያለፈውን ዙር ስላሸነፍን በዚህኛው መጀመሪያ የምንወረውረው እኛ ነን፤ የመጨረሻዋ ኳስ የነሱ ስኪፕ እጅ ላይ ናት። ይህን ከአእምሯችሁ አታውጡ። በዚህ ዙር የምትወስኑት ሁሉ ለዚያች ኳስ መልስ ነው።

ሁለቱ አንደኞችና ሁለቱ ሁለተኞች ጨርሰዋል። የነሱ አንዲት ኳስ ከጃኳ ፊት በስተቀኝ 20 ሳንቲ ላይ ቆማለች። ነጥቡ የነሱ ነው። የአንደኛችን አንዲት ኳስ ከኋላ በስተቀኝ 30 ሳንቲ ላይ ናት። የሁለተኛችን አንዲት ኳስ አጥራ በቀኝ መንገድ ላይ፣ ከጃኳ አንድ ሜትር ቀደም ብላ ተቀምጣለች። የቀሩት ራቅ ራቅ ብለዋል። ግራው ክፍት ነው።

ሦስተኛችን ጋሼ ናቸው። በግራ ማስጠጋት ይችሉበታል። መምታት ግን አይወዱም፤ ጉልበት ሲጨምሩ መስመራቸው ይበላሻል።

ከዳር ያለው ሁሉ "ምታት! ያቺን አውጣት!" ይላል። ብትመታ ደስ ትላለች። ግን እስቲ ጋሼ በግራ ቢያስጠጉ ምን ምን ሊሆን እንደሚችል እንይ። ልክ ከመጣች ነጥቡ የኛ ነው። ትንሽ ካለፈችና ጃኳን ከነካች ጃኳን ወደ ኋላ ወደ ቀኝ ትገፋታለች፤ እዚያ የኛ አንደኛ ኳስ ይጠብቃል። ሳትነካ ካለፈች ከኋላ ተጨማሪ ኳስ አገኘን። የምትጎዳን አንዲት ብቻ ነች፦ በጣም ያጠረች፣ የቀረንን ክፍት መንገድ የምትዘጋ። ስለዚህ ትእዛዙ "አስጠጉ" ብቻ አይደለም። "ጋሼ፣ በግራ። ጃኳን አልፈው ይቁሙልኝ፣ እንዳያጥሩብኝ።"

ስህተቷም የምትጠቅም ኳስ ማለት ይህች ነች። ስኪፕ ሁልጊዜ የሚፈልገው እሷን ነው።

የመጀመሪያዋ ጃኳን ሳትነካ አልፋ 40 ሳንቲ ኋላ ቆመች። ነጥቡ አሁንም የነሱ ነው። እጄን ጉልበቴ ላይ አደርግና "ጥሩ ቆመች። እሷኑ፣ አንድ ስንዝር ብቻ ይቀንሱ" እላለሁ። መስመሯ ደህና ስለነበር ስለ መስመር አንድም ቃል አልተነፍስም። የሠራውን ነገር መነካካት አያስፈልግም። በመሃል የነሱ ሦስተኛ ሞክሮ አጠረበት። የጋሼ ሁለተኛ ኳስ ዞራ መጣች፣ ጃኳን ገፋ አድርጋ ወደ ኋላ ወሰደቻትና ቆመች። ጠመኔ። የአንደኛችን ኳስ አሁን ከጃኳ አንድ ጭብጥ ያህል ብቻ ነው የምትርቀው፣ የጋሼም አጠገቧ ናት። የነሱ ሦስተኛ ሁለተኛ ኳሱም ስላጠረችበት ቢያንስ ሁለት ነጥብ ይዘናል።

ተመልካቹ አሁን "ጨምር! ሦስት አድርጋት!" ይላል። እኔ አልጨምርም። የነሱ ስኪፕ ሁለት ኳስ አለው፣ አንደኛዋ ከሁሉም በኋላ የምትወረወር ናት። ጃኳን ለመውሰድ የቀረው ክፍት መንገድ ግራው ነው። ሁለት ኳሶቼ ስለዚህ አጥር ናቸው። አንዷን ጃኳ ፊት አንድ ሜትር ላይ በግራ መንገድ አስቀምጣለሁ። ሁለተኛዋን እሱ ከወረወረ በኋላ አይቼ ነው የምወስነው። ሁለት ነጥብ ሦስት ይሆናል ወይ የሚለው ጥያቄ እዚህ ዙር ላይ ዋጋ የለውም። ሁለቱን ይዞ መውጣት ነው።

7. የራሳችሁ ሁለት ኳሶች

ምንጣፉን ተሻግራችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ሰከንድ ጃኳ ላይ ቁሙና ሥዕሉን ያዙ። ከዚያኛው ጫፍ ሲታይ ኳሶች ይደራረባሉ፤ ርቀት ያታልላል። ከደረሳችሁ በኋላ ዓይናችሁ ሦስተኛው ነው። ያየውን ጠይቁት፦ "ጋሼ፣ ስንት አለን? ግራ ክፍት ነው?" ውሳኔው የእናንተ ነው። ግን እሳቸው "በቀኝ አያስገባም" ካሉ በቀኝ አትሂዱ። እዚያ የቆሙት እሳቸው ናቸው።

መምታት የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። በኃይል የምትወረወር ኳስ ብዙም ሳትታጠፍ ስለምትሄድ የመሃሉ እንጨት ያስቸግራታል፤ ያገኘችውንም ሁሉ ትበትናለች፣ የእናንተንም ጭምር። የምትመቱት የሚበተነው የነሱ ሲሆን ብቻ ነው። አራት ነጥብ ተይዞባችሁ፣ ማስጠጊያ መንገድ ተዘግቶ፣ የመጨረሻዋ ኳስ እጃችሁ ላይ ካለች ምቱ። ያኔ የምታጡት የለም።

አንዳንዴ ደግሞ ትክክለኛው ኳስ ነጥብ የማያመጣው ነው። አራት ተይዞባችሁ ሁለተኛ ቀራቢ ቦታ ላይ አንዲት ኳስ ማስገባት ከቻላችሁ አራቱ አንድ ይሆናል። ማንም አያጨበጭብም። ሦስት ነጥብ ግን አዳናችሁ።

8. ሒሳቡ

ጨዋታው ስንት ዙር እንደሆነ በየውድድሩ ይለያያል። ስኪፕ ግን የትኛውም ዙር ላይ ሦስት ቁጥር ማወቅ አለበት፦ ውጤቱን፣ የቀረውን ዙር፣ እና የመጨረሻዋ ኳስ የማን እንደሆነች።

በሁለት እየመራችሁ መጨረሻ ዙር ላይ ከሆናችሁ አንድ ነጥብ መስጠት ትችላላችሁ። ስለዚህ አንደኛ ቀራቢ ለመሆን አትጋደሉ፤ ሁለተኛ ቀራቢ ቦታ ላይ የእናንተ ኳስ ትኑር። ከዚያ በኋላ ነገር አታነካኩ። በአራት እየተመራችሁ ከሆነ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የሚያስፈልጋችሁ ብዛት ስለሆነ ኳሶች ጃኳ ዙሪያ እንዲቀሩ ትፈልጋላችሁ። እዚህ ላይ መምታት ራስን መጉዳት ነው፤ ምንጣፉን ካጸዳችሁት አራት ከየት ይመጣል?

መጀመሪያ የሚወረውረው ቡድን ጃኳን ሩቅ ወይም ቅርብ የማስቀመጥ ዕድል አለው። የነሱ አንደኛ ረጅም ላይ ሲንገዳገድ ካያችሁ ረጅም አድርጉት፤ እስኪለምደው ሁለት ሦስት ዙር ይፈጅበታል።

9. ልኬትና ክርክር

በዓይን የማይለይ ሲሆን የሚለኩት ሁለቱ ሦስተኞች ናቸው። ሜትሩን ለነሱ ተዉላቸው። ሦስተኛችሁን ካላመናችሁት መጀመሪያውኑ ባላሰለፋችሁት። ነጥቡ በሁለቱም ሳይጸድቅ ኳስ አይነሳም። ቸኩሎ እጁን የሚሰድ ልጅ በየቡድኑ አለ። እኩል ከሆኑ ለማንም ነጥብ የለም፤ ዙሩ ግን ተቆጥሯል።

ካልተስማሙ ሁለቱ ስኪፖች ያወራሉ። ያኔም ካልሆነ ዳኛ። ከዳር ሆኖ "እኔ አይቻለሁ" የሚል ሦስተኛ ወገን አይገባም፣ የቡድናችሁ ደጋፊ ቢሆንም። የነጥብ ወረቀቱን ማንም ይያዘው፣ በየዙሩ መጨረሻ ከተቃራኒው ወረቀት ጋር ድምፅ አውጥታችሁ አመሳክሩ።

መብራት ሲሄድ ደግሞ የሕግ መጽሐፍ የማያውቀው ሕግ አለን። ሁሉም ባለበት ይቆማል። አንድ ሰው ብቻ የስልክ መብራት ይዞ ጃኳ አጠገብ ይሄዳል፤ ሌላው በጨለማ ሲንቀሳቀስ ኳስ በእግሩ ይገፋል። ኳስ እየተንከባለለች ከሄደ ያቺ ኳስ ትደገማለች፤ ይህን ከተቃራኒው ስኪፕ ጋር ከጨዋታው በፊት ተስማሙበት።

10. ስኪፕነት በምን ይለመዳል?

ክንድ በመወርወር ይለመዳል። ስኪፕነት ግን ያለ ምንጣፍም ይለመዳል። ስምንት ኳስ፣ ከሌለም ስምንት የሁለት ቀለም ቆርኪ፣ ጠረጴዛ ላይ በትኑ። አንዷን ጃክ በሉ። ጓደኛችሁን አስቀምጡና በአሥር ሰከንድ ውስጥ ለሦስተኛችሁ የምትሰጡትን ትእዛዝ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፦ በየት፣ የት ትቁም። ከዚያ ጓደኛችሁ ይጠይቃችሁ፦ "ብታጥርስ? ብታልፍስ?" ለሁለቱም መልስ ከሌላችሁ ትእዛዙን ቀይሩት።

ምንጣፍ ሲገኝ ደግሞ እያንዳንዱ ተጫዋች በቀኝና በግራ አሥር አሥር እንዲወረውር አድርጉና ከጃኳ አንድ ክንድ ውስጥ ያረፉትን ጻፉ። ደብተሩን ለቡድኑ አታሳዩ፤ ማን ከማን እንደሚሻል መለጠፊያ አይደለም። ቅዳሜ ሁለተኛችሁ ምንጣፉ ላይ ቆሞ በየት ልምጣ ብሎ ሲያያችሁ፣ በየት ብላችሁ እንደምታሳዩት ያወቃችሁት ከዚያ ደብተር ነው።